«ይችላል» የምትለው ቃል

ከዓመታት በፊት ለአንድ አስመጪ ድርጅት ጉዳይ አስፈጻሚ ነበርኩ። ሥራዬ ፋይል ታቅፎ ከመስኮት መስኮት መዞር ነው። የማሽን መለዋወጫው መጋዘን ገብቷል፣ የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ ይቆጥራል፣ እኔ ደግሞ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ቆሜያለሁ። መመሪያው የሚቀርቡትን ሰነዶች አንድ በአንድ ዘርዝሯል፤ ሰባት ናቸው። ሰባቱንም ይዣለሁ። ስምንተኛው ተራ ላይ ግን «መሥሪያ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ሌሎች ሰነዶችን ሊጠይቅ ይችላል» ይላል።

ጠየቁ። አመጣሁ። ሌላ ጠየቁ። በሦስተኛው ቀን ትንሽ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሠራተኛው አልተቆጣም። ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ በእስክሪብቶው ጫፍ ቃሏን ነካ ነካ አደረጋት። «ወንድሜ፣ ከኪሴ አላወጣሁትም። ‹ይችላል› ይላል እኮ።»

እውነቱን ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ፈቃዱንም በመጨረሻ ሰጠን፤ ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ተከልክለን አናውቅም። ግን የድርጅታችን ሒሳብ ሹም የዕቃ ዋጋ በሚያወጣበት ኤክሴል ላይ፣ ከማጓጓዣና ከኢንሹራንስ ዝቅ ብሎ፣ «ምናልባት» የሚል አንድ ረድፍ ነበረው። እዚያ ላይ የምትገባው ገንዘብ ለማንም አትከፈልም፤ ምናልባት ለሚፈጠረው መጓተት የተቀመጠች ናት። መጓተቱ ኖረም አልኖረም ረድፉ አይነሳም፣ መጨረሻም ላይ ደንበኛው ይከፍላታል።

የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ማንበብ ስጀምር ያችን ረድፍ እፈልግ ነበር። ጥያቄዬ ቀላል ይመስለኝ ነበር፦ አንድ መንግሥት ስምምነቱን የሚጥስ ነገር ለማድረግ ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ ቢያወጣ፣ ነገር ግን ሥልጣኑን ባይጠቀምበት፣ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?

የመጀመሪያውን ሰፊ መልስ ያገኘሁት በ1987፣ ከዓለም ንግድ ድርጅት በፊት በነበረው የንግድ ስምምነት በጋት ዘመን፣ በተሰጠ ውሳኔ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ የተበከሉ ቦታዎችን ለማጽዳት «ሱፐርፈንድ» የሚባል ሕግ ነበራት። በ1986 ስታድሰው ነዳጅ ላይ ግብር ጣለች፦ አገር ውስጥ ለተመረተው በበርሜል 8.2 ሳንቲም፣ ከውጭ ለሚገባው 11.7 ሳንቲም። ካናዳ፣ ሜክሲኮና የአውሮፓ ማኅበረሰብ ከሰሱ። አሜሪካ «ልዩነቱ ሦስት ሳንቲም ተኩል ናት፣ ማንን ትጎዳለች?» አለች። ክሱን ያየው የዳኞች ጉባኤ፣ ፓነሉ፣ ይህን ክርክር አልተቀበለም። ደንቡ የሚጠብቀው የተሸጠውን ዕቃ መጠን አይደለም፤ ነጋዴው በእኩል ሜዳ እወዳደራለሁ ብሎ የያዘውን ተስፋ ነው አለ። ስለዚህም ገና ሥራ ላይ ያልዋለ ሕግ እንኳ፣ አስገዳጅ እስከሆነ ድረስ፣ ከወዲሁ ሊከሰስ ይችላል። ይህን ሳነብ የሒሳብ ሹማችን ትዝ አለኝና ደስ አለኝ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። እዚያው ውሳኔ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ኬሚካሎችን የሚያስገባ ሰው ዕቃው ከምን እንደተሠራ በቂ መረጃ ካላቀረበ፣ ከዕቃው ግምት 5 በመቶ የቅጣት ግብር ይጣልበታል። ይህ አገር ውስጥ አምራቹን አይመለከትም። ግን የገንዘብ ሚኒስትሩ ደንብ አውጥቶ ቅጣቱን በሌላ ስሌት ሊተካው ይችላል። አሜሪካም «ይህ ቅጣት ተግባራዊ የሚሆን አይመስለንም» የሚል ማረጋገጫ ሰጠች። ፓነሉ ማረጋገጫውን በደስታ መዘገበ፣ ቅጣቱ ሕጉ ላይ መኖሩ ብቻውን ጥሰት አይደለም ብሎም አለፈ። ከጥቂት ገጾች በፊት የነጋዴው ተስፋ ነው የሚጠበቀው ያለው ያው ፓነል፣ «ይችላል» ላይ ሲደርስ ተስፋውን ረሳው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ መመሪያ ተያዘ። ሕጉ መንግሥትን ጥሰት እንዲፈጽም የሚያስገድደው ከሆነ ሕጉ ራሱ ይከሰሳል። ጥሰትን የሚፈቅድለት ብቻ ከሆነ ግን ሥልጣኑን እስኪጠቀምበት ይጠበቃል። በ1990 አሜሪካ ታይላንድን በሲጋራ ስትከስ ይህ ተደገመ። የታይላንድ የትምባሆ ሕግ ለውጭ ሲጋራ ከአገር ውስጡ ከፍ ያለ የግብር ጣሪያ እንዲቀመጥ በር ይከፍት ነበር፤ ባለሥልጣናቱ ግን እኩል ነበር የሚያስከፍሉት። ፓነሉ በሩ መከፈቱ አይበቃም አለ። (የገቢ ፈቃዱ ጉዳይ ላይ ግን ታይላንድ ተረታለች፤ በ1966 ከወጣው ሕግ ወዲህ ፈቃድ የተሰጠው በ1968-70፣ በ1976 እና በ1980 ብቻ ነበር። «ይችላል» ማለት አንዳንዴ በአሥር ዓመት አንዴ ማለት ነው።)

ይህን መመሪያ ለመናቅ አልቸኩልም። መንግሥት ነገ ምን እንደሚገጥመው አያውቅም፤ ሕግ አውጪም የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሞ ሊጽፍ አይችልም። የምግብ ተቆጣጣሪ አጠራጣሪ ነገር ሲያይ ተጨማሪ ምርመራ የማዘዝ ሥልጣን ከሌለው ባይኖር ይሻላል። ደግሞ ሉዓላዊ አገርን «ልታጠፋ ትችላለህና ጥፋተኛ ነህ» ማለት ከባድ ነው። ማንኛውም ሥልጣን በክፉ ከታሰበ ለክፉ ይውላል። የፓነሎችን ውሳኔ በይግባኝ የሚያየው የዓለም ንግድ ድርጅት ይግባኝ ሰሚ አካልም ኋላ ላይ፣ በ2004፣ አርጀንቲና አሜሪካን በነዳጅ ቧንቧዎች ጉዳይ ከሳ ስትቀርብ፣ አባል አገሮች ሕግ ሲያወጡ በቅን ልቦና እንዳወጡት እንደሚገመትና አንድን ሕግ በአፈጻጸሙ ሳይሆን በራሱ መክሰስ ከባድ ነገር እንደሆነ አሳስቧል።

ያስቸገረኝ መመሪያው በሌላኛው ጎኑ ያን ያህል ለጋስ አለመሆኑ ነው። በ1992 ካናዳ አሜሪካን በቢራ ጉዳይ ስትከስ፣ አንዳንድ ክፍላተ ግዛት የአስገዳጅ ሕጋቸውን ለዓመታት አላስፈጸምንም ብለው ነበር። ፓነሉ አልሰማቸውም፤ ሕጉ አስገዳጅ እስከሆነ ድረስ መተኛቱ አያድነውም። ስለዚህ የተኛ «አለበት» ይቀጣል፣ የነቃ «ይችላል» ይለቀቃል። ንግዱ ውስጥ ላለ ሰው ግን የትኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳው?

በ1997 በሕንድ የፓተንት ጉዳይ ላይ ነገሩ መልኩን ቀየረ። ሕንድ የመድኃኒትና የግብርና ኬሚካል ፓተንት ማመልከቻዎችን ተቀብላ ቀናቸውን ጠብቃ እንድታቆይ በዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ግዴታ ነበረባት። የ1970 የፓተንት ሕጓ ግን እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎች ውድቅ እንዲደረጉ ያዛል። በ1994 ማብቂያ የወጣ ጊዜያዊ ድንጋጌ ነበር፤ በማርች 1995 ፓርላማው ሳያጸድቀው ጊዜው አለፈበት። ሕንድ ታዲያ «ለፓተንት ቢሮዎቻችን ማመልከቻዎቹን እንዲያቆዩ አስተዳደራዊ መመሪያ ሰጥተናል» አለች። የመመሪያው ጽሑፍ የት አለ? ለፓነሉም፣ ለይግባኝ ሰሚውም አልቀረበም። ይግባኝ ሰሚው በጨዋ ቋንቋ ያለው፣ ሹም ነገ ሊለውጠው የሚችል፣ ማንም ያላየው ትእዛዝ በፓርላማ የወጣ ሕግን ተሸክሞ ሊያቆም አይችልም ነው። ማመልከቻዎቹ በተግባር እየተቀበሉ ነበር። ግን ገንዘቡን ምርምር ላይ የሚያፈስ ኩባንያ የሚተማመነው በቢሮ ሠራተኛ ደግነት ሊሆን አይገባም። እዚህ ላይ «ምናልባት» የምትለው ረድፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍርድ ስትቆጠር አየሁ።

ከዚያ የ1999ኙ መጣ። እኔ እስካሁን እየተመለስኩ የማነበው ይህንን ነው።

የአሜሪካ የ1974 የንግድ ሕግ አንቀጽ 301 የንግድ ተወካይ የሚባለው የአገሪቱ ባለሥልጣን ሌላ አገር በደለን ብሎ ካመነ የአጸፋ እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጠዋል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ የከሰሰው በተለይ የጊዜ ገደቡን ነው፤ ተወካዩ በ18 ወር ውስጥ በደል መኖር አለመኖሩን መወሰን አለበት፣ በዓለም ንግድ ድርጅት የሚደረገው ክርክር ግን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ድርጅቱ ውስጥ ደግሞ ማንም አገር ዳኛ ሳይፈርድ «ተበድያለሁ» ብሎ በራሱ እንዳይወስን ቃል ተገብቷል። የአሜሪካ መከራከሪያ የታወቀው ነው፦ ተወካዩ መወሰን አለበት እንጂ «ጥሰት አለ» ብሎ እንዲወስን የሚያስገድደው የለም፤ ምርጫው በእጁ ነው።

ፓነሉ በግርጌ ማስታወሻ አንድ ምሳሌ አስቀመጠ። ነገር በምሳሌ ሲባል ለካ ለዳኞችም ይሠራል። መሬታቸው የሚዋሰን ሁለት ገበሬዎች አሉ። ወሰን ገፋህ፣ አልገፋሁም በሚል ለዓመታት ሲጣሉ፣ ኃይልም ሲጠቀሙ፣ ሲዛዛቱም ኖረዋል። ስለዚህ ወሰኑ አጠገብ ያለውን መሬት ደፍሮ የሚያርስ የለም። በኋላ ይስማማሉ፦ ከእንግዲህ ጉልበት የለም፣ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ብቻ። ከስምምነቱ በኋላ አንደኛው ወሰኑ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ይተክላል። ይለፍ የለም፤ ያለፈ እንደታየ በጥይት ሊመታ ይችላል።

ሊመታ ይችላል እንጂ ይመታል አይልም። በድሮው መመሪያ ብንሄድ ሰውዬው እስኪተኩስ ቃሉን አላፈረሰም። ፓነሉ ግን የስምምነቱ ጥቅም ምን ነበር ብሎ ይጠይቃል። ዓላማው ሰው ሳይፈራ እስከ ወሰኑ ድረስ እንዲያርስ ከሆነ፣ ሰሌዳው ያን ጥቅም ገና ከተተከለበት ቀን ጀምሮ በልቶታል። የንግድ ስምምነት ደግሞ በመንግሥታት መካከል ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ፍሬው የሚታየው ገንዘባቸውን በሚያወጡ ግለሰቦች እጅ ነው። ነጋዴ ዛቻን አይቶ ገበያ ይቀይራል፣ ፋብሪካውን ሌላ ቦታ ይተክላል፣ ወይም እንደ ሒሳብ ሹማችን አንድ ረድፍ ይጨምራል። ጉዳቱ ጥይቱን አይጠብቅም።

ይህን ያነበብኩ ቀን ያንን መስኮት አሰብኩ። የሠራተኛው እስክሪብቶ ጫፍ የነካው ሰሌዳውን ነበር።

ፓነሉ ግን እዚያ አላቆመም። ሕጉ በጽሑፉ ሲታይ ጥሰት ይመስላል ካለ በኋላ፣ አሜሪካ ስምምነቱን ስታጸድቅ ለኮንግረስ ያቀረበችውን የአስተዳደር መግለጫና በፓነሉ ፊት የሰጠችውን ቃል መዘነ። መንግሥት ሥልጣኑን ከዳኞቹ ውሳኔ በፊት ላለመጠቀም ራሱን አስሯል፣ ስለዚህ ዛቻው ተነስቷል አለ። በምሳሌው ቋንቋ፣ ከትልቁ ሰሌዳ በታች በትንሽ ጽሑፍ «አልተኩስም» የምትል ወረቀት ተለጥፋለች። አሜሪካ አልተረታችም። ፓነሉም ይህቺ ወረቀት በማንኛውም መንገድ ከተነሳች የሰጠሁት ድምዳሜ አይቆምም ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገድ አጭር ነው ባይባልም ፈጠን ብዬ ላልፈው። በ2000 አሜሪካ የ1916ቱን የፀረ-ዳምፒንግ (ከውጭ በርካሽ ዋጋ የሚራገፍ ዕቃን የሚቃወም) ሕጓን ለመከላከል የፍትሕ ሚኒስቴሩ ክስ ላለመመሥረት ሊመርጥ ይችላል ብላ ነበር፤ እንዲህ ያለው ምርጫ ሕጉን ከክስ አያድነውም ተባለች። በ2003 ጃፓን በብረት ጉዳይ ስትከስ፣ ይግባኝ ሰሚው አስገዳጅ ያልሆነ መመሪያም በራሱ ሊከሰስ እንደሚችል ተናገረ፤ «አለበት» እና «ይችላል» የሚለውን መስመርም እንደ ማሽን አትጠቀሙበት ብሎ አስጠነቀቀ። አልሻረውም፤ ከዙፋኑ አወረደው እንበል።

እኔን ከሕጉ ቃል ይልቅ የሳበኝ አጠቃቀሙ ላይ የተነሳው ክርክር ነው፤ ለዚህም በ1998 የተወሰነው የሽሪምፕ ጉዳይ አለ። አሜሪካ ሽሪምፕ ሲጠመድ የባሕር ኤሊ አብሮ እንዳይሞት መከላከያ ከማይጠቀሙ አገሮች እንዳይገባ ከለከለች። ሕንድ፣ ማሌዥያ፣ ፓኪስታንና ታይላንድ ከሰሱ። ይግባኝ ሰሚው ኤሊን መጠበቅ ተገቢ ዓላማ ነው አለ፤ አገር ሊጠፋ የደረሰ ሀብትን ለመጠበቅ የመወሰን ነፃነት አለው። አሜሪካ የወደቀችው ሌላ ቦታ ነው። የምስክር ወረቀት ያመለከተ አገር የሚሰማበት መድረክ የለም፤ በጽሑፍ የሚሰጠው ምክንያት የለም፤ ይግባኝ የለም። መከልከሉን የሚያውቀው እንኳ በቀጥታ ተነግሮት አይደለም። የተፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል፣ ስሙን ይፈልጋል፣ ከሌለ በቃ የለም።

እዚህ ነው ራሴን ያረምኩት። ለዓመታት ጥፋቱ «ይችላል» የምትለው ቃል ላይ ነው ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ያንን መስኮት ያከበደብኝ ሠራተኛው መምረጥ መቻሉ አልነበረም። ለምን እንደመረጠ የመናገር ግዴታ የሌለበት መሆኑ፣ እምቢ ቢለኝም የምሄድበት ሌላ መስኮት አለመኖሩ ነበር። ስምንተኛው ተራ ላይ «ምክንያቱን በጽሑፍ በመግለጽ» የሚል ሦስት ቃል ቢጨመር፣ ሒሳብ ሹሙ ረድፉን ባይሰርዘው እንኳ ያሳንሰው ነበር።

ስለ «ሌሎች ሰነዶች» ካነሳሁ አይቀር፣ በትክክል ይህ ሐረግ የዓለም ንግድ ድርጅት መቀመጫ ጄኔቫ ደርሷል። በ2011 የቻይና የጥሬ ዕቃ ውሳኔ ላይ፣ የወጪ ንግድ ፈቃድ ሰጪዎች ምንነታቸው ያልተገለጸ ሌሎች ሰነዶችን እንዲጠይቁ የሚያስችላቸው ድንጋጌ ነጋዴውን በጥርጣሬ ስለሚያኖር በራሱ ገደብ ነው ብሎ ፓነሉ ወስኖ ነበር። ሳነበው ከወንበሬ ተነስቻለሁ፤ ማጋነን አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ይግባኝ ሰሚው ክሱ ሲቀርብ በአግባቡ አልተዘረዘረም በሚል ሥነ ሥርዓታዊ ምክንያት ያን ክፍል ዋጋ አሳጣው። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የባሰው ደግሞ ቃሉ ጭራሽ ያልተጻፈበት ነው። አርጀንቲና በ2012 ማንኛውም አስመጪ አስቀድሞ መግለጫ እንዲያስገባ ደነገገች። መግለጫው በአንዱ መሥሪያ ቤት ከተያዘ የሚለቀቅበት መስፈርት በየትኛውም ሕግ ላይ የለም። አስመጪው ይደውላል፣ ይጠራል፣ በቃል ይነገረዋል፦ የምታስገባውን ያህል ላክ፣ ወይም እዚህ አምርት፣ ወይም ትርፍህን አታውጣ። መኪና የሚያስመጡ ኩባንያዎች ሩዝና ወይን ጠጅ ወደ ውጭ መላክ ጀመሩ። ከሳሾቹ አውሮፓ ኅብረት፣ አሜሪካና ጃፓን የሚያሳዩት የሕግ ጽሑፍ ስላልነበረ የጋዜጣ ዘገባ፣ የባለሥልጣናት ንግግርና የኩባንያዎችን መግለጫ ሰበሰቡ። ፓነሉ ተቀበላቸው፤ በጃንዋሪ 2015 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ያልተጻፈው ነገር ካለ ሊከሰስ ይችላል፤ ማስረጃው ግን የመርማሪ ሥራ ይጠይቃል።

አገሮች «ይህን እኔ ብቻ ነኝ የምወስነው» የሚሉት የመጨረሻው ምሽግ፣ አገር ለብሔራዊ ደኅንነቱ ሲል ከስምምነቱ እንዲወጣ የሚፈቅደው የደኅንነት አንቀጽ ነው። የሚያስቀው ምሳሌ የስዊድን ነው፦ በ1975 ጫማ ላይ የገቢ ኮታ ጥላ፣ የጫማ ፋብሪካዎች ከተዳከሙ ለአገር መከላከያ ዝግጅት ያሰጋል አለች። በ2019 በዩክሬንና በሩሲያ የመተላለፊያ ክርክር ላይ አንድ ፓነል፣ አንቀጹ አገሩ «አስፈላጊ ነው ብሎ ሲያምን» ቢልም፣ ጦርነት ወይም ሌላ አስቸኳይ ሁኔታ መኖሩን ዳኛ ያያል አለ። በዚያ ጉዳይ ሩሲያ ረታች። በዲሴምበር 2022 የአሜሪካ የብረትና የአሉሚኒየም ቀረጥ በተመሳሳይ ሚዛን ሲታይ ሁኔታው አልተገኘም። አሜሪካ ይህ የዳኛ ጉዳይ አይደለም ብላ ውሳኔውን አልቀበልም አለች።

ወደ ገበሬው ሰሌዳ ልመለስ። በ2018 አሜሪካ ያንኑ አንቀጽ 301 አውጥታ፣ ቻይና ቴክኖሎጂ ትቀማለች በሚል የራሷ ምርመራ ላይ ተመሥርታ በቻይና ዕቃ ላይ ቀረጥ ጣለች። የመጀመሪያው 34 ቢሊዮን ዶላር በሚያህል ዕቃ ላይ 25 በመቶ ነበር። በደሉ ከዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነቶች ውጭ ስለሆነ የድሮው ቃል አይመለከተውም የሚል ሰበብ ነበራት። ቻይና ከሰሰች፤ የታየው ቀረጡ ራሱ ነበር። አሜሪካ የሕዝብን ሥነ ምግባር ለመጠበቅ ነው ብላ ተከራከረች። በሴፕቴምበር 2020 ፓነሉ ቀረጡ አድልዎ የሚከለክለውን ደንብና የገባችውን የታሪፍ ጣሪያ ይጥሳል፣ መከላከያዋም አልተረጋገጠም አለ።

በኦክቶበር 26 አሜሪካ ይግባኝ አለች። ይግባኝ ሰሚው አካል ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ፣ አዲስ ዳኞች እንዳይሾሙ በራሷ በአሜሪካ ተቃውሞ፣ መዝገብ የሚያይ ሦስት ሰው አልነበረውም። የቀረችው አንዲት አባል የሥራ ዘመኗ ከይግባኙ ከአምስት ሳምንት በኋላ አበቃ። መዝገቡ እዚያው ነው፤ የሚቀበለው መስኮት ላይ ሰው የለም።